አሥራ አንድ ፋዘም

ቃል አራሚ የሌለበት የባሕር ዳርቻ መንደር በዓለም ላይ የለም። ካለም ነዋሪዎቹ የሚግባቡት በጥቅሻ መሆን አለበት።

የእኛ መንደር የፖልካሪኑ ክቡር አቶ ዲጎሪ ትሬምባት ይባላሉ፤ በእንግሊዝ የመላው ኮርንዎል ጠረፍ የቃላት ጉምሩክ ሹም። አርባ ዓመት በወደባችን መርከብ ሲመሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሰው አፍ የሚወጣ ቃል ሁሉ በእሳቸው ሳይፈተሽ አያልፍም። እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ግድግዳ የምጋራቸው ጎረቤታቸው ነኝ።

ፍተሻው የሚጀምረው ሁልጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ቆይ፣ ምን ለማለት ነው?»

ዳቦ ቤት ውስጥ አንዲት እንግዳ በሥጋ የተሞላውን ፓስቲ «አስፈሪ ጥሩ ነው» ብላ አመሰገነች። «ቆይ፣ ምን ለማለት ነው? የሚያስፈራ ከሆነ ለምን ደገምሽ?» አሏት። ሐኪሙ «የደም ግፊት አለብዎት» ሲላቸው፣ «የሌለበት ሰው ሬሳ ነው» ብለው ኮታቸውን ለብሰው ወጡ።

ከሁሉ በላይ ደማቸውን የሚያፈላው ግን «ፋዘም» ነው። ፋዘም መርከበኛ ገመድ ጥሎ የባሕር ጥልቀት የሚለካበት ስድስት ጫማ ነው። ከዚሁ ቃል ሌላ ተወለደ፤ «ፋዘም የማይለካው» የሚል። ዛሬ ሰዉ ሁሉ የማይመረመር፣ አእምሮ የማይደርስበት ለማለት ይጠቀምበታል። ቄሳችን አንድ እሑድ «የእግዚአብሔር ፍቅር ፋዘም የማይለካው ነው» ብለው ሰበኩና አቶ ዲጎሪ በር ላይ ጠበቋቸው።

«ቆይ፣ ምን ለማለት ነው? ስንት ገመድ ለቀው ነው መሬቱን ያጡት?»

ቄሱ እስካሁን መልስ እየፈለጉ ነው። «ቃሉ የእኛ የመርከበኞች ነው» ይሉኛል አቶ ዲጎሪ በአጥር በኩል። «ሰባኪና አስተማሪ ሰረቁን። አሁን ነገር ያልገባው ሁሉ ባሕር ይከሳል።»

አምና በየካቲት አንዲት የዓሣ ጀልባ ከወደባችን አፍ ላይ ሰጠመች። የትምህርት ቤታችን ወጥ ቤት ሠራተኛ የኬሬንሳ ሆስኪን አንድያ ልጅ ዴንዚል ከውስጧ ነበር፤ አልተገኘም። ዓመቱ ሲደርስ የመታሰቢያ ድንጋይ ሊቆም ተወሰነና ኮሚቴ ተቀመጥን፤ ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ኬሬንሳ የምትፈልገውን ጽሑፍ በቁራጭ ወረቀት ይዛ መጣች። «ዴንዚል ሆስኪን። ፋዘም የማይለካው ባሕር ወሰደው» ይላል።

ሁላችንም ራሳችንን በእሺታ ነቀነቅን። አንድ ሰው ሲቀር።

«ቆይ ኬሬንሳ፣ ምን ለማለት ነው? እዚያ ቦታ አሥራ አንድ ፋዘም ነው። በእጄ ለክቼዋለሁ።»

ኬሬንሳ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ወጣች። አቶ ዲጎሪን በዚያች ቅጽበት ወደ ባሕሩ ብወረውራቸው ደስ ባለኝ።

በማግሥቱ ላሸንፋቸው ቆርጬ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ፤ ትልቁን መዝገበ ቃላት አወረድኩ። እውነትም የመርከበኞቹ ትርጉም ከሰባኪዎቹ ይቀድማል። ከሥሩ ግን ሌላ ተጽፏል። ከሺህ ዓመት በፊት፣ ገመድም ጥልቀትም ሳይመጣ፣ ቃሉ ለማቀፍ የተዘረጉ ሁለት ክንዶች ማለት ነበር። እቅፍ። ከዚያ በተዘረጋ ክንድ ገመድ ተለካበት፣ በገመዱ ባሕር፣ ከዚያም አእምሮ። ስለዚህ መርከበኞቹም ሰርቀዋል። በወረቀት ገልብጬው እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ በራቸው ላይ አደረስኩ።

ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እቅፍ?»

«እቅፍ።»

«ቆይ…» የሚለውን ስጠብቅ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

ሦስት ሳምንት ዝም አሉ። መንደሩ ግራ ተጋባ። ዳቦ ጋጋሪው ሊፈትናቸው ብሎ «የትናንት ትኩስ ዳቦ ልስጥዎት?» ቢላቸው ተቀብለው ሄዱ። ሰዉ በመንገድ ላይ ያለ ፍተሻ ሲያወራ ወሬው ለራሱም ጣዕም ያጣበት ጀመር። እኔም ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር፤ ምን እንዳሸነፍኩ ግን ጠፋኝ።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ በሬን አንኳኩ። «ኬሬንሳ ጋ አብረሽኝ ነይ። ካጠፋሁ አርሚኝ» አሉ።

ኬሬንሳ ከፈተችልን፤ ግቡ አላለችንም። አቶ ዲጎሪ ቆባቸውን በእጃቸው እያዞሩ እዚያው ደፍ ላይ ተናገሩ።

«ያን ቀን ለቃሉ ብዬ አልነበረም፣ ልጄ። ስድስት ቀን ፍለጋ ላይ ነበርኩ። ባሕሩ ልክ ከሌለው ጥፋቱ የባሕሩ ነው። አሥራ አንድ ፋዘም ከሆነ ግን ያላገኘነው እኛ ነን። ድንጋዩ እኛን ነፃ እንዳያወጣን ነው የፈለግኩት።» ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይቺ ደግሞ ቃሉ ድሮ እቅፍ ነበር ትላለች። እቅፍ እንዴት ባሕር ይሆናል? ሦስት ሳምንት አሰብኩት፤ አልገባኝም።»

ኬሬንሳ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ጀልባዋ የሰጠመች ዕለት ጠዋት ከዴንዚል ጋር ተኳርፈን ነበር» አለች። «ሲወጣ ቀና ብዬም አላየሁት፤ አላቀፍኩትም። ቃሉ ይቀመጥልኝ፣ ጋሽ ዲጎሪ። የእርስዎም ቁጥር ይግባ።»

 የአቶ ዲጎሪ ክንድ ገመድ እንደሚለካ ሰው ግራና ቀኝ ተዘረጋና እዚያው ቀረ፤ እንዴት እንደሚታጠፍ የጠፋቸው ይመስላሉ። ኬሬንሳ ራሷ ገባችበት። እኔ የአበባ መደቡን ሳይ ቆየሁ።

ድንጋዩ አሁን ወደቡ ላይ ቆሟል። ከላይ «ፋዘም የማይለካው ባሕር» ይላል፤ ከታች «አሥራ አንድ ፋዘም»። ጎብኚዎች ያነቡታል፣ ይተያያሉ፣ ደግመው ያነቡታል። «ይጋጫል እኮ» ሲሏቸው አቶ ዲጎሪ «አዎ፣ ይጋጫል» ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

በሌላው ሁሉ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል፤ ቄሱ ስብከት ማሳጠር ጀምረዋል። እኔ በየሐሙሱ በሚወጣው በዚህ የጋዜጣ ዓምዴ ውስጥ፣ አዘጋጁ ሳያውቅ፣ አንድ ቃል ሆን ብዬ አበላሻለሁ። አራት ሰዓት ሳይሞላ በሬ ይንኳኳል፤ ጋዜጣው በቀይ ተሰምሮበት ይመጣል፣ ሻይ ይፈላል።

ባለፈው ሐሙስ ግን ጉንፋን ይዞኝ ማበላሸቱን ረሳሁት። አራት ሰዓት አለፈ፣ አምስትም አለፈ። ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። አቶ ዲጎሪ ምንም ያልተሰመረበትን ጋዜጣ ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው ተጨንቋል።

«ምንም ስህተት አላገኘሁም» አሉ። «አመመሽ እንዴ?»