ለአንድ ጀርመን አሥራ አራት ሕይወት

ሐበሻ በተሰበሰበበት አገር ሁሉ ጀርመን የተማረ አንድ ሰው አይጠፋም። ከጠፋም ተፈልጎ ይመጣል። ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሳያገኝ ሊከርም ይችላል፣ ደህና በርበሬ የሚያስመጣ ሱቅ ሳያገኝም እንዲሁ፤ «እኔ ላይፕዚግ ሳለሁ» የሚል ሰው ሳያገኝ ግን ዓመት አይዘልቅም። ለላስ ቬጋስ የደረሷት ጋሽ ኤልሳዕ ናቸው።

ሊቀ ሊቃውንት ዘላይፕዚግ ጋሽ ኤልሳዕ በእንጀራቸው ከኤርፖርት ሆቴል ሰው የሚያመላልሱ የሻትል ሾፌር ናቸው። በማዕረጋቸው ግን የአንድ ሰው ሕይወት አዋቂ ናቸው። ሰውየው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ጀርመናዊ ባለቅኔ ነው፤ ንጉሥ የሰደበ፣ ግማሹ አገር ሐውልት ሲያቆምለት ግማሹ ያፈረሰበት፣ ባልንጀራውን ለፖሊስ አሳልፎ ሰጥቷል እየተባለ እስከ ዛሬ የሚታማ። ስለ እሱ የተጻፉ አሥራ አራት የሕይወት ታሪኮች ኢንተርፕራይዝ ከሚባለው ሰፈር ካለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ በኤሲ ተደርድረው ይኖራሉ። መኪናቸው ውጭ በፀሐይ ትቃጠላለች።

ግጥሙን ሲያነቡ ግን ያያቸው የለም። የእድሩ ሊቀመንበርና የሠላሳ ዓመት ጓደኛቸው ግዛቸው አንድ ቀን፣ «እስኪ አንዲት ስንኝ እንኳ በልልኝ» ቢላቸው፣ «ግጥሙንማ ማንም ያነበዋል። ሰውየውን ማን አነበበው?» ብለው መለሱለት።

መፈክራቸው «እሱ አንዱ መጽሐፍ ነው፤ ሌላውስ ምን ይላል?» የምትል ናት። ኢንስፒራዳ ሰፈር ክርስትና ተጠርተው፣ የሕፃኑ አባት «ጨዋ ሰው» እየተባለ ሲመረቅ፣ «በማን ቃል?» ብለው ድግሱን ጸጥ አሰኝተውታል። ቻይናታውን ሾርባ ቤት ውስጥ ሦስተኛው ጸሐፊ ከሰባተኛው ጸሐፊ ጋር ለምን እንደተጣላ ሲያስረዱ ሾርባው በረዶ ሆኖ፣ ግዛቸው ከነረሃቡ ወደ ሺፍቱ ሮጧል። ጀርመን ቱሪስት ከተሳፈረማ ሆቴሉን በሰዓቱ አያይም። አንድ ኢንጂነር «ስለ እሱ አንብቤ አላውቅም» ቢላቸው መኪናዋን ዳር ፓርክ አድርገው አስተምረውታል። ሰውየው ሲወርድ ጠቀም ያለ ቲፕ ሰጥቷል። ለምስጋና ይሁን ለማምለጥ፣ በዚህ ላይ መጻሕፍቱ አይስማሙም።

የእድሩ ሴቶች ጀርመኑን የቅርብ ሰው አድርገው ይዘውታል። ወይዘሮ ትብለጥ አንዴ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝታቸው፣

«ጋሼ፣ ያ ጀርመን ወዳጅዎ ደህና ነው?»

«ሞቷል እኮ።»

«ውይ፣ በሞትኩት። መቼ?»

«መቶ ሠላሳ ዓመት አለፈው።»

«እና እስከ ዛሬ ለእድሩ ሳይነግሩን?»

እንዲህ እንዲህ እያለ ባለፈው የካቲት ሕዝቅኤል አረፈ። ሕዝቅኤል ማለት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያኑ ለሁለት ሲከፈል የተገነጠሉትን መርቶ የወጣው ሰው ነው። አብረውት የወጡት ሙሴ ይሉታል፣ የቀሩት ይሁዳ። የሚታማውም በአንድ እሑድ ነው። በዚያ የሐምሌ እሑድ ምእመናን ነጠላቸውን አጣፍተው ሲመጡ የበሩ ቁልፍ ተቀይሮ አገኙት። አሮጊትና ሕፃን ሁለት ሰዓት ሙሉ በረሃው ፀሐይ ላይ ቆመው፣ አንድ ሽማግሌ ወደቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ወገኖች አብረው አልቀደሱም። ቁልፉን ማን ቀየረው ሲባል መልሱ አንድ ነበር፤ ሕዝቅኤል።

ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። በእኛ ዘንድ ስሙና ዓመተ ምሕረቱ ይለወጣል እንጂ ሟች ሁሉ «ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» ነው። የሕዝቅኤልም በዚሁ ሊያልፍ ነበር፤ ልጁ ሳሮን ጋራዡን ባታንኳኳ። ግዛቸውም እዚያው ተቀምጦ ነበር።

«ጋሼ፣ ሁሉም ሰው ይሄን ፔፐር ይሰጠኛል» አለች፣ የተለመደውን ወረቀት እያሳየች። «ናይስ ነበር ይላል። ዳዲ ናይስ አልነበረም። እኔ ደግሞ ናይስ ሰው አላጣሁም፤ ዳዲን ነው ያጣሁት። ፕሊስ፣ አንተ ጻፍልኝ።»

የጋሽ ኤልሳዕ ፊት በሐዘን ቤት በማይፈቀድ ደስታ በራ። ልጅቷ እንደወጣች ተነሥተው ጋራዡ ውስጥ ይመላለሱ ጀመር።

«ይገባሃል ግዛቸው? የጀርመኑ ምስክሮች በሙሉ ሞተዋል። አሥራ አራት ሰው በደብዳቤ ቁራጭ ይጣላል። የሕዝቅኤል ምስክሮች ግን አሉ። ስልካቸው እኔ ጋ አለ።»

«ኤልሳዕ፣ ሁለቱም ወገን ነው የሚመጣው። ደግ ነበር በልና እንቅበረው።»

«በማን ቃል?»

ሦስት ቀን ኦቨርታይሙን ትተው በሁለቱ ወገኖች መካከል ተመላለሱ። በዕድሜያቸው የሌለ ፍጥነት ገባባቸው፤ ደብተራቸው እንደ በርበሬ ከረጢት አበጠ። ሙሴ የሚሉትም ይሁዳ የሚሉትም ሻይ አቅርበው አወሩላቸው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ከግዛቸው ፊት ተቀመጡ።

«አሥራ ሰባት ሰው ጠየቅሁ» አሉ። «ቁልፉን የቀየረው ሕዝቅኤል ነው ይላሉ። አየህ ወይ ስል አንድም አየሁ የሚል የለም። ሁሉም ሰማሁ ነው። አንተስ?»

ግዛቸው አሥራ ስምንተኛው መሆን ይችል ነበር። «ሰማሁ» ካለ ነገሩ ከሕዝቅኤል ጋር አፈር ይለብሳል። ዘጠኝ ዓመት ያልተናገረውን ምላሱ ላይ ይዞ የጓደኛውን ብዕር ተመለከተ። የካዚኖ በር ሲጠግን የኖረ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ብዕሩ ቆመ።

«ቅዳሜ ማታ ሕዝቅኤሎች ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሊሰበሰቡ ነው ስለተባለ፣ እንዳይገቡ ብዬ ቀየርኩት። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሄጄ ልከፍት ነበር። ደብል ሺፍት ሠርቼ ስለነበር እንቅልፍ ጣለኝ። ስደርስ ሰው ሁሉ ሕዝቅኤል ሕዝቅኤል ይላል። ዝም አልኩ። እሱ ቅዳሜ መፍቻ ይዤ ስገባ አይቶኛል፤ ግን ለማንም አልተናገረም።»

አሥራ አራት ጸሐፊዎች የተመኙትን ምስክር ያገኙት ጋሽ ኤልሳዕ፣ ግዛቸው እንደፈራው አልዘለሉም። ብዕራቸውን ከደኑ።

«ስምህን አልጽፍም።»

«ለምን? እውነት እውነት ስትለኝ ሠላሳ ዓመትህ ነው።»

«ሞቶ የማይመልስልኝን ሰው መመርመር ቀላል ነው። አንተ ነገም ፊት ለፊቴ ትቀመጣለህ። ልናገር ካልክ ራስህ ተናገረው።»

የቀብሩ ዕለት ሁለቱም ወገን መጣ፤ አብረውት የወጡት በቀኝ፣ የቀሩት በግራ። ጋሽ ኤልሳዕ አነበቡ። ሕዝቅኤል ግልፍተኛ እንደነበር፣ ቀጠሮ እንደማያከብር፣ ለአንድ የማያውቀው በሽተኛ ግን ስድስት ወር ሆስፒታል እንደተመላለሰ አነበቡ። ሕዝቡ መሳቅም ማልቀስም እያማረው ተቁነጠነጠ። ቀጥለው እዚያ የሐምሌ እሑድ ላይ ሲደርሱ ንባቡን አቆሙ። ወረቀቱን ዝቅ አድርገው ወደ ማንም አልተመለከቱም።

ግዛቸው ከመሐል ተነሥቶ ሄደና ወረቀቱን ተቀበላቸው። ወረቀቱ ላይ ለዚያ እሑድ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ ባዶ መስመር ተትቶ ነበር። ባዶውን በቃሉ ሞላው። አንድም ነገር አላስቀረም።

የጮኸ የለም። ሳሮን መጥታ እጁን ያዘች። «ቤት ውስጥ ያንተን ስም በክፉ አንሥቶ አያውቅም» አለችው። ከግራ በኩል አንድ ሽማግሌ ወደ ቀኝ ተሻግረው ሬሳውን ከሚሸከሙት መሐል ገቡ። እሳቸውም በዚያ እሑድ ፀሐይ ላይ የወደቁት ነበሩ።

ከመቃብሩ ሲመለሱ ሻትሏ ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ። ግዛቸው የመኪናውን ቀበቶ እያሰረ፣

«የእኔን አንተ ነህ የምትጽፈው» አለ። «ደግ ነበር እንዲሉብኝ አልፈልግም።»

«እኔ በአራት ዓመት እበልጥሃለሁ። ቀዳሚው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አትሙታ።»