በግ ናችሁ የተባልንበት ለቅሶ

መቼም ሰው ሲሞት ይለቀሳል። በስብሰባ ሲታዘዝ ግን እንባም እንደ ማዳበሪያ በኮታ ይመጣል።

የአገሪቱ መሪ ያረፉ ሰሞን እኔ መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ አካባቢ አማርኛ አስተምር ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ ፎቶ ተሰቀለ፣ ገበሬውም የገብስ አረሙን ትቶ ወጣ። መቅረት አይቻልም ነበር ወይ? እንዴት አይቻልም? ሚሊሻው መግቢያው ላይ ቆሞ ማን እንደቀረ ያያል እንጂ ማንንም አይከለክልም።

የወረዳው ኃላፊ አቶ ጌጡ ግጥም ጻፉ። ሰውየው ከሪፖርት ሌላ ጽፈው አያውቁም፤ ኀዘን ግን ያላሰበውን ሁሉ ገጣሚ ያደርጋል። ግጥሙ መሪውን እረኛ ብሎ ጀመረና እስከ መጨረሻው ከእረኝነት አልወጣም። አቶ ጌጡ ሕዝቡ እንዳይገባው ሰጉ መሰል፣ ጠሩኝና "የት ጋ ማልቀስ እንዳለበት እንዲያውቅ አስረዳልኝ" አሉኝ።

ደመወዝ የምበላ ሰው ነኝ፤ ተነሥቼ አስረዳሁ። ይህ ተለዋጭ ዘይቤ ነው አልኩ፤ በአንድ ቃል አያበቃም፣ እየተዘረጋ ይሄዳል። እረኛው መሪያችን ናቸው። መስኩ አገራችን ናት። ጅቡ ጠላታችን ነው። በጎቹ ደግሞ እኛ ነን።

አንድ ሽማግሌ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው "በግ ነው ያለን?" ሲሉ ሰማሁ። ጎረቤታቸው "ዘይቤ ነው አለ እኮ" ብለው አጽናኗቸው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ቀጥሎ አልቃሿ እትዬ ዘነበች ተነሡ። በአገሩ እሳቸው ያላስለቀሱት ደጅ የለም። የኔን ማብራሪያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዳምጡ ነበር። ደረታቸውን መታ መታ አደረጉና አወረዱት፦

ጠብቆ አብልቶን ሊያደርሰን ፋሲካ፣
እረኛው ሳይቀምሰን ቀድሞን ሄደ ለካ።

አቶ ጌጡ ራሳቸውን በኀዘን ነቀነቁ፤ ቤት መምታቱን እንጂ ማንን እንደመታ ልብ አላሉም። ከዚያ አንዱ ገበሬ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ሳበ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጠገቡ ያለው ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ ድንኳኑ በሙሉ ጋቢ ውስጥ ገብቶ ይንፈቀፈቃል። እኔ እንኳ ሳቅ ነው አልልም፤ ለቅሶ ቤት ነበርን። ከዞን የመጣው ካሜራማን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ይሮጣል።

ነገሩን ማን ተርጉሞ እንደነገራቸው እንጃ፣ አቶ ጌጡ በማግስቱ ለግምገማ ጠሩኝ። "ዘይቤውን ከተፈቀደው በላይ ዘርግተሃል" ተባልኩ። በቃ፣ እንጀራዬ ተዘጋ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ሳለ ስልክ ጮኸ። ከዞን ነው። አቶ ጌጡ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ቆመው ነው ያነጋገሩት። የተቀረጸው ታይቷል፤ እንዲህ ያለ ከአንጀት የወጣ ኀዘን በየትኛውም ወረዳ አልታየም፤ አስተባባሪው ይመስገን።

ስልኩን ዘጉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የት ላይ ነበርን? አዎ፣ ስለ ምስጋናው" አሉ።

ከቢሮው ስወጣ እትዬ ዘነበችን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሊያስበሉኝ ምንም እንዳልቀራቸው ነገርኳቸው።

"እኔ ምን አጠፋሁ ልጄ?" አሉኝ። "በግ ናችሁ ያልከን አንተ ነህ። አርጅቶ እንዲሞት ብሎ በግ የሚያረባ ሰው ደግሞ መንዝ ውስጥ አይቼ አላውቅም።"