አውራ ጣት የማያመልጣቸው ተቆጣጣሪ

በየቤተሰቡ ማንም ሳይሾመው የተሾመ፣ ደመወዝ የማይከፈለው፣ ጡረታም የማይወጣ አንድ የጤና ተቆጣጣሪ አለ። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ ገና አልደረሰም ማለት ነውና ጠብቁት። የእኛ ክብርት ተቆጣጣሪ የባለቤቴ አክስት ናቸው። በሙያቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በመርፌ ቀዳዳ ክር ሲያሾልኩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ከዓይናቸው የሚያመልጥ ነገር የለም።

ሌላው ዘመድ ሲመጣ ጉንጭ ይስማል። እትዬ ግን ከበሩ በቀጥታ ወደ ቧንቧው ያመራሉ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠቡና ወደ እኛ ዞረው፣ "እናንተስ?" ይላሉ። ሰላምታችን ይኸው ነው። አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣ ቤታችን ንጹሕ ነው፣ ጀርም የሚባል ነገር አይቼበት አላውቅም ብላቸው በሐዘኔታ ተመለከቱኝ።

"እኛ አናየውም እንጂ እሱ ያየናል" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ይህችን አባባል ያልሰማሁበት ቀን ቢኖር እሳቸው ያልመጡበት ቀን ብቻ ነው።

ከሰላምታው ቀጥሎ ፍተሻ ነው። የዕቃ ማጠቢያውን ስፖንጅ በሁለት ጣት አንጠልጥለው ካሸተቱ በኋላ ቀብሩን ያዛሉ። ከአበባ ተክሉ ሥር ያቆረውን ውሃ እየደፉ፣ ለወባ ትንኝ ቤት አከራይታችኋል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ባለቤቴ ሥጋ በከተፈችበት ጣውላ ላይ ሰላጣ ልትከትፍ ስትል ደርሰው እጇን ያዟት። በማግስቱ ሁለት አዳዲስ መክተፊያ ይዘው መጡ፤ አንደኛው ላይ በጋለ ሚስማር "ሥጋ" ብለው ጽፈውበታል። በለስላሳ ጠርሙስ ያስቀመጥኩትን ነጭ ጋዝ ያገኙ ዕለትማ አይነሳ። ገና ልጅ እንኳ የለንም ብዬ ብከራከር፣ የጠማው ሰው ጠርሙስ አይመረምርም አሉና ጋዙን ወደ ቆርቆሮ ገልብጠው ውጭ ዕቃ ቤት ቆለፉበት። የመድኃኒት ሳጥኑንም ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀሉት። ራስ ምታቴን ያመጡት እሳቸው፤ ማስታገሻውን ላወርድ ወንበር ላይ ወጥቼ የወደቅሁት እኔ።

ጽዋው የሞላው ግን የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ለምሳ የመጡ ዕለት ነው። ሰውየው ፊርማቸው ብቻውን የሚያስደነግጥ ናቸው። እትዬ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው እስከ ቧንቧው ሸኟቸውና አጠገባቸው ቆመው ሲታጠቡ ተመለከቱ። አለቃዬ ጨርሰው ሲዞሩ እትዬ በታላቅ ትሕትና፣ "አውራ ጣትዎ ቀርቷል" አሏቸው። አለቃዬ ተመልሰው ታጠቡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን እሷንም ቢሆን ሳትታጠቢ አትበዪም ይሏት ነበር።

እንግዳው እንደሄዱ ለባለቤቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወይ እኔ ወይ እሳቸው አልኳት። ለሚወለደው ልጃችን ያዘጋጀችውን ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። "እሳቸው መምጣታቸው አይቀርም፤ አንተ አስብበት" አለችኝ።

እኔ እያሰብኩበት ሳለ ወንድ ልጃችን ያለ ጊዜው ቸኩሎ ተወለደ። ከመዳፌ እምብዛም የማይተርፍ ነበር። ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሟ፣ ሳንባው ገና አልጠነከረምና ጉንፋን የያዘው ሰው እንዳይጠጋው፣ አደራ አለችን። እኔ እትዬ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሊገቡብን ነው ብዬ ወገቤን አሰርኩ። አልመጡም።

ሌላው ዘመድ ግን መጣ። አንዱ ከመንገድ እንደገባ እጁን ወደ ሕፃኑ ጉንጭ ይሰዳል፣ ሌላዋ ካልሳምኩት ትላለች። የአጎቴ ልጅ ንፍጡን በመዳፉ ጠርጎ በዚያው መዳፍ ልቀፈው አለ። እኔ ይሉኝታ ይዞኝ ጥርሴን ነክሼ ፈገግ እላለሁ፤ እንግዳ ፊቱን ባዞረ ቁጥር ደግሞ ጎንበስ ብዬ የልጄን ትንፋሽ አዳምጣለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኚህ ሴትዮ የት ጠፉ አልኩ። ባለቤቴ ደወለችላቸው። ጉንፋን ይዞኛል፣ እስኪለቀኝ ድረስ ደጃችሁን አልረግጥም ብለዋት ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ጠያቂው እየሳሳ ሄዶ ጭራሽ ቀረ። ሰው ምን አስቀየምነው ብዬ እያብሰለሰልኩ ወደ ውጭ ስወጣ፣ ከግቢያችን በር ማዶ እትዬ በጭምብል ተሸፋፍነው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የአጎቴ ልጅ ራቅ ብሎ እንደ ተከሳሽ ቆሟል። ሲሻልህ ትመጣለህ፣ ልጁ የትም አይሄድም እያሉ ይመልሱታል። ዘመዴን ከደጄ ሲያባርሩብኝ ማየቱ አበሸቀኝ፤ ሰውየው ፊቱን አዙሮ ሲሄድ ደግሞ ትንፋሼ መለስ አለ።

ምን ነው እትዬ፣ ይግቡ እንጂ ብዬ ወደ እሳቸው ብራመድ በተራመድኩ ቁጥር ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

"እዚያው ቁም" አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለመሆኑ ማንን ይመስላል?" አሉ።

አገር ምድሩ ያቀፈውን ልጅ እሳቸው ብቻ አላዩትም። በመኝታ ቤቱ መስኮት በኩል ይምጡ አልኳቸውና ሮጬ ገባሁ።

ልጁን ታቅፌ ስቀርብ እትዬ ከመስታወቱ ማዶ እጃቸውን እያወዛወዙ መስኮቱን እንዳልከፍት ከለከሉኝ። ልጁ አዛጋ። የእትዬ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ሳል ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም። ወዲያው ጆሯቸውን በጣት እየነኩ፣ ኮፍያውን ሳብ አድርግለት ማለታቸው ነው፣ ያዝዙኝ ጀመር። ሳብኩለት። ሌላኛውን ጆሮ ጠቆሙ። እሱንም ሸፈንኩ።

ዝናብ ሲጀምር አሁንስ ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅሁ። ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቆሙ። እኔም ክንዴ እስኪዝል ድረስ ልጁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው።