ሊቀ መንበር ያለው ደረቅ ወንዝ

በካንሳስ ሜዳ ላይ ካሉት ወንዞች ሁሉ የኛን የሚያህል ክብር ያገኘ የለም። ሌሎቹ ያላቸው ውሃ ብቻ ነው፤ የኛው ግን ኮሚቴ አለው። ኮሚቴው በየወሩ ይሰበሰባል፣ ኬክ ይበላል፣ ከዚያም ሊቀ መንበሩ ዋልዶ ፍሪሰን የወንዙን ሁኔታ ያብራራል።

በዚያ በጋ ያቀረበው ማብራሪያ ግሩም ነበር። "የውሃው ከፍታ ካለፈው ስብሰባ ወዲህ ምንም ዓይነት መዋዠቅ አላሳየም" አለ። እውነቱን ነው፤ በመለኪያው ዘንግ ሥር እንሽላሊት ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተቸረው።

ችግር የፈጠረችው የልጅ ልጁ ካሪስ ናት። ቤተ ክርስቲያናቸው የሚያጠምቀው ሰውን ወንዝ ውስጥ አስጥሞ ነው። የዋልዶ እናትም፣ ዋልዶ ራሱም የተጠመቁት ከእርሻው ግርጌ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ነበር። ካሪስም የምጠመቀው እዚያው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች።

"የከብቶቹ ገንዳ አለልሽ እኮ፣ የኔ ቆንጆ። አጥበነዋል።"

"አንተ ገንዳ ውስጥ ነው የተጠመቅከው፣ አያቴ?"

ዋልዶ ልጅቷን ከነፍሱ አስበልጦ ይወዳታል። ስለዚህ ባለሥልጣን ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገ፤ ሌባ ፍለጋ ወጣ።

ኮሚቴውን መኪናው ላይ ጭኖ በደረቁ አሸዋ ሽቅብ ነዳ። የላይኛው ጎረቤቱ ዴልበርት ኡንሩ አጥሩ አጠገብ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ዓሣ ያጠምዳል። ውሃው ጉልበቱ ድረስ ነው። ሌባው ከነኤግዚቢቱ ተያዘ።

"አንተ ዴልበርት! ውሃችንን የት አደረስከው?"

"ይኸው፣ ባጥሩ ሥር ወዳንተ እየሄደልህ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን በቆሎህን የሚያጠጡትን ፓምፖችህን ጠይቅ። ወንዙ ዳር ደርድረሃቸው የለ?"

"እነሱ የሚስቡት ከጉድጓድ ነው! የጉድጓድ ውሃ የጉድጓድ፣ የወንዝ ውሃ የወንዝ ነው። ኮሚቴው ወስኗል።"

"ወንዙ ስብሰባው ላይ ነበር?"

"የሌባ ዐይነ ደረቅ!" አለ ዋልዶ፤ ኮሚቴውም አጨበጨበ። ያንን ውሳኔ ያስወሰነው ዋልዶ ራሱ ነው፤ በዕለቱ ኬኩን የጋገረችውም ሚስቱ ነበረች።

እሑድ ዕለት ምእመናኑ ለካሪስ ጥምቀት የክት ልብሳቸውን ለብሰው አሸዋው ላይ ቆሙ። ፓስተሩ የውሃ ቦቲውን ተጫምቷል፤ ሰው ተስፋ አይቆርጥም። "እንጸልይ" አለ። ጸጥ ሲል ከበቆሎው መሐል የፓምፖቹ ድምፅ ያለማቋረጥ ሲያጉረመርም ተሰማ።

"አያቴ፣" አለች ካሪስ፣ ዐይኗን እንደ ጨፈነች፣ "ወንዙ እዚያ ነው እንዴ ያለው?"

አሜን ያለ ሰው አልነበረም። ዋልዶ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው፤ ግን መሬቲቱም ደርቃለች።

በማግስቱ ፓምፖቹን ዘጋ። በቆሎው ፍሬ ሊይዝ ጥቂት ነበር የቀረው። ቅጠሉ እየተጠቀለለ ሲደርቅ ቆሞ ተመለከተ። ለጠየቀው ሁሉ "ፓምፖቹ ተበላሽተው ነው" ይላል። ታዲያ ምን ይበል? ሊቀ መንበር ተሳሳትኩ ካለ የአገር ሥርዓት ይናጋል።

የመኸሩ ወራት ሲቃረብ አሸዋው ረጠበ፤ ቀጥሎም ውሃው ቀስ እያለ መጣ። ካሪስ እጥፋቱ ላይ ተጠምቃ እየሳቀችና እያሳላት ወጣች። ዋልዶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ ሁለት ኬክ አዘዘ። የውሳኔ ሐሳብም ቀረበ፦ "ኮሚቴያችን ባካሄደው ቆራጥ የመስክ ጉብኝት ሌባው ተደናግጦና ከልቡ ተጸጽቶ ውሃውን የመለሰ ስለሆነ፣ ይህ በደስታ ይጽደቅ።"

ዋልዶ ኬኩን አስቀምጦ ከሁሉም ቀድሞ እጁን አወጣ። ሌባው ከልቡ ስለ መጸጸቱ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በአዳራሹ አልነበረም።