ጂኖሙ የተነበበ ሻይ

በሽተኛ ሊጠይቅ ሲመጣ መድኃኒት ይዞ የሚመጣ ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እንግዲያው ሲያትል አልኖራችሁም ማለት ነው። የእኛው ደረጀ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ እሱ የሚያመጣው ከነሳይንሱ ነው።

ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ ስካይዌይ ሰፈር ባለው ቤታቸው በካንሰር የአልጋ ቁራኛ በሆኑ ጊዜ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ ደረጀ የቻይና ባሕላዊ መድኃኒት ሥር አፍልቶ በፔርሙስ ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ ይሄን ተክል ሳይንቲስቶች ሲኩዌንስ አድርገውታል! ጂኖሙ፣ ሙሉ የዘር መረጃው፣ አንድ ፊደል ሳይቀር ተነቧል!» አለ። አነጋገሩን ብትሰሙ ራሱ ቁጭ ብሎ ያነበበው ይመስላችኋል።

ልጃቸው ሄለን ነርስ ናት። «ሶ ምን ይሁን? ጂኖሙ ታወቀ ማለት እኮ በሽታ ያድናል ማለት አይደለም። የድንችም ተነቧል» አለችው።

«ድንችም ቢሆን ይጠቅማል» አላት።

እናትየው ግን ብርጭቆውን ተቀበሉ። «ተይው፣ ለፍቶ ነው ያመጣው» ብለው፣ ውሃ እንኳ እምቢ ያለውን ጉሮሯቸውን አስገድደው፣ ፊታቸውን ሳያጨማድዱ ጨለጡት። ደረጀም ይህን አይቶ በየቀኑ ይመላለስ ጀመር። ምን ይደረግ? የእኛ ሰው እየሞተም እንግዳ አያስቀይምም።

እትዬ አልማዝ ክረምቱን ሳያዩ አረፉ። ለቅሶ ቤት ደረጀ ፔርሙሱን ይዞ ገባና ከባለቤታቸው ከጋሽ ግርማ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ለሐዘን ነው። የዚህም ተነቧል» አለ በለሆሳስ።

ጋሽ ግርማ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ፊታቸውን ሳያጨማድዱ ጠጡት።