ባለሀብቱ የመለሱት

ሀብታም ለኅብረተሰቡ መመለስ አለበት ሲባል የሰማ ሁሉ የሚመልስ እንዳይመስላችሁ። መካነ ሰላም ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ የሚመልስ ባለሀብት አላጣችም። አቶ የኋላሸት ይባላሉ። ከከተማው ግርጌ ያለውን ምንጭ በቆርቆሮ አጥረው ላቫጆ የከፈቱልን እሳቸው ናቸው። ዛሬ የአይሱዙ ጎማ ሳይቀር በንጹሕ የምንጭ ውሃ ይታጠባል፤ ሰው ደግሞ ገደል ወርዶ ከወንዝ ይቀዳል። ሥልጣኔ መቼስ ከመኪና ይጀምራል።

በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ፦ «የልማት አርበኛው ባለሀብታችን ነገ ለኅብረተሰቡ ይመልሳሉ።»

እትዬ ኡሙልኸይር ይህን ሰምተው እየተጣደፉ ቤታቸው ገቡ። የልጅ ልጃቸው የወንዙ ውሃ ሆዱን አበላሽቶት ተኝቷል።

«አብሽሪ» አሏት ምራታቸውን፣ «ነገ ምንጫችን ሊመለስ ነው።»

ሌላ ምን ሊመለስ ይችላል? ሰውየው የወሰዱት ምንጩን ነው።

በማግስቱ ድንኳን ተተከለ። አቶ የኋላሸት «ከኅብረተሰቡ ያገኘሁትን ለኅብረተሰቡ ከመመለስ ወደኋላ አልልም» ብለው፣ የራሳቸው ፎቶ የተለጠፈበትን ቢጫ ጀሪካን ለየሰዉ ያድሉ ጀመር። እትዬ ኡሙልኸይር የደረሳቸውን ገልብጠው አዩት። ባዶ ነው።

«አሏህ ይስጥዎ። ምንጩንስ መቼ ነው የሚመልሱልን?»

የመድረኩ መሪ፣ የልማት ባለሙያው አቶ ብዙነህ፣ ፈገግ አሉ። «እናታችን፣ መመለስ ማለት እኮ መስጠት ማለት ነው።»

«የወሰዱትን ነዋ።»

«አይደለም። መመለስ የሚባለው ያልወሰዱትን ሲሰጡ ነው። የወሰዱትን ከመለሱማ ኪሳራ ነው።»

እንዲህ ያለ የረቀቀ ማብራሪያ ሰምተን አናውቅምና ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄን ይቁረጠውና።

እትዬ ኡሙልኸይር አላጨበጨቡም። የባለቤቱ ፎቶ ያለበትን ጀሪካን ማን ይከለክላል ብለው ቀጥ ብለው ወደ ላቫጆው ወረዱ። እኛም ጀሪካናችንን አንጠልጥለን ተከተልናቸው። ዘበኛው ሃሩን በሩ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው አንድ አይሱዙ ይታጠባል። ፎቶውን ሲያይ እጅ ነሳ።

«ለታመመው ልጅ ነው ሃሩንዬ። ይቺን ብቻ።»

«እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ታዝዤ ነው። ይመለሱ።»

እሳቸው ተመለሱ፤ እኛም ተመለስን። ለካስ የሳተው ለፋፊው ኖሯል። አቶ የኋላሸት ይመልሳሉ የተባለው ለኅብረተሰቡ ሳይሆን ኅብረተሰቡን ነው፤ እሱንማ አንድም ሰው ሳያስቀሩ መልሰዋል።