የጃፓን ንጉሠ ነገሥትና የእኛ ጋሽ ዳምጠው

ንጉሥ ሁሉ የሚያዝ የሚመስለው ሰው የጃፓንን ታሪክ ያላየ ነው። እኔም የምሠራበት ካዚኖ በኮሮና ተዘግቶ ቤት እስክውል ድረስ አላየሁም ነበር። እዚህ ላስ ቬጋስ የሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ነኝ፤ እንግዳ ሲጠፋ ሻንጣም ይጠፋል፤ ሻንጣ ሲጠፋ ደግሞ እኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜ የሰው አገር ነገሥታት ላይ ዓይኔን ጣልኩ። ይገርማችኋል፣ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት በጥንት ዘመን የምር ገዝቷል። ቀጥሎ መኳንንቱ ሴት ልጆቻቸውን እየዳሩለት በስሙ ገዙ። ከዚያ ሾገን የሚባሉት የጦር አለቆች መጡና ለብዙ መቶ ዓመታት እሱን በክብር አስቀምጠው አገሩን እነሱ ያዙት። እሱ ይጸልያል፣ ግጥም ይጽፋል፤ እነሱ ግብር ይሰበስባሉ። በኋላ ደግሞ ሥልጣን ወደ ዙፋኑ ተመለሰ ተባለና ሕገ መንግሥት ተጻፈ፤ የእኛንም የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰዎች አሻግረው ያዩት ያንኑ ነበር። ተመለሰ የተባለው ሥልጣን ግን አብዛኛው የቀረው ዙሪያውን በቆሙት ሰዎች እጅ ነው። ዛሬ ንጉሡ የአገር ምልክት ነው። በቅርቡ ከዙፋኑ የወረደው እንኳ ጡረታ እንዲወጣ ፓርላማው ልዩ ሕግ ማውጣት ነበረበት። እኔን ከሥራ ለማስወጣት አንድ ኢሜይል በቃ።

ከዚህ ሁሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ አንድ ስብሰባ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ሹማምንቱ እጅ እንስጥ አንስጥ በሚለው ሦስት ለሦስት ተከፈሉ። ንጉሡ በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ነበር ልማዱ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን ወደ እሱ ዞሮ ውሳኔውን ጠየቀው። ወሰነ።

ይህን የማወራችሁ በጋሽ ዳምጠው ምክንያት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የተጀመረችው በእሳቸው ሳሎን ነው። ሰው ሲበዛ አዳራሽ ተከራየን፣ መተዳደሪያ ደንብ ጻፍን፣ ስድስት ሽማግሌዎች መረጥን፣ እሳቸውን ደግሞ የክብር ሊቀመንበር አደረግናቸው። ስማችሁ ላይ «የክብር» የሚል ቃል ሲጨመር ተጠንቀቁ፤ አንድ ነገር ተወስዶባችኋል ማለት ነው። ጋሼ ስብሰባ በጸሎት ይከፍታሉ፣ በጸሎት ይዘጋሉ፤ ድምፅ አይሰጡም። ጸሐፊው እኔም አልሰጥም።

በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ላይ ነው። የጋሼ ባለቤት እትዬ አልማዝ በዚያው ዓመት በአሜሪካኖቹ በጋ በኮሮና አርፈው፣ ጥቂት ሰዎች ተራርቀን ቆመን ነበር የቀበርናቸው። ለእሳቸው የሚገባ የመታሰቢያ ፕሮግራም በአዳራሹ እናደርጋለን ብለን ለጋሼ ቃል ገባን፤ ለአንድ እሁድም ቀጠርን። እሁዱ ሲቃረብ በሽታው እንደገና ጨመረ። ሕጉ በጥቂት ሰው መሰብሰብን ይፈቅዳል፤ ግን እንክፈት ወይስ አንክፈት? ቅዳሜ ከሰዓት ስድስቱ ሽማግሌዎች፣ ጋሼና እኔ በዙም ተሰበሰብን።

ወንድም ታሪኩ ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ ከሚሠራበት መጋዘን ብሬክ ወጥቶ፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ ነው የገባው። እህት ሰናይት ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ከሺፍት መመለሷ ስለሆነ የማስኩ ምልክት ፊቷ ላይ ነበር።

«ካዚኖው እንኳ ተመልሶ ተከፍቷል!» አለ ታሪኩ። «ሰው ማሽን ላይ ተደፍቶ እየዋለ የእግዚአብሔር ቤት ይዘጋ? ለዚያውም በእትዬ አልማዝ ቀን?»

«ታሪኩ፣ እኔ ዛሬ ጠዋት አይፓድ ይዤ አንድን የሚሞት አባት ከልጆቹ ጋር አሰነባብቻለሁ» አለች ሰናይት። «ከአዳራሹ ወጥቶ እኔ ጋ የሚመጣው ማን እንደሆነ ንገረኝና ክፈት።»

«በፍርሃት ልታስተዳድሪን ነው?»

«አንተስ በእልህ?»

ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ለሦስት። ተጸለየና ተደገመ። ያው ሦስት ለሦስት። ታሪኩ፣ ከተዘጋ እኔ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ አለ። ሰናይትም፣ ከተከፈተ እኔ ነኝ የምወጣው አለች። ዓመታት አብረው የጸለዩ ሰዎች ናቸው። 

የዚያ የጃፓኑ ስብሰባ ነገር ትዝ አለኝና አፌ ቀደመኝ። «ለምን ጋሼ አይወስኑም?»

ሁሉም ባንዴ ተስማሙ። ይከፈት የሚሉት መልሱን ስለሚያውቁት፤ ይዘጋ የሚሉት ደግሞ ሚስቱ የሞተችበትን ሰው እንዴት ብለው እንቢ ይበሉት? ሰናይት ዓይኗን ጨፈነች። ያኔ ነው ያደረግሁት ነገር የገባኝ፤ ደነገጥኩ።

ጋሼ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም።

«ጋሼ፣ ሚውት ላይ ነዎት!»

ድምፅ የምትከፍተውን ቁልፍ ፈልገው አገኟት።

«አልማዝን ስንቀብር ማንም አላቀፈኝም» አሉ በመጨረሻ። «እሁድ ብትመጡ ታቅፉኛላችሁ። አታቅፉኝ ልላችሁ አልችልም፤ እኔም ናፍቆኛል። ስለዚህ አትምጡ። ይዘጋ።»

 ታሪኩ በዚያ በሚያንጸባርቀው የሥራ ሰደርያው ፊቱን ጠረገ። «እሺ ጋሼ» አለ።

በውሳኔው ቅር ተሰኝተው አሊያንቴ በሚባለው ሰፈር በአንድ ሰው ቤት መሰብሰብ የጀመሩ ቤተሰቦች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ውሳኔው ማንን እንዳተረፈ አናውቅም። ሳይታመም የቀረን ሰው ማን ያውቀዋል? ክትባቱ መጥቶ አዳራሹ በ2021 ሲከፈት ግን መታሰቢያው ተደረገ። ጋሼን መጀመሪያ ያቀፋቸው ታሪኩ ነው፤ ቶሎም አልለቀቃቸውም። ሰናይት ከኋላው ቆማ ተራዋን ጠበቀች።

ሽማግሌዎቹ ያቺ እኩል ለእኩል አስደንግጣቸው ኖሮ፣ ሰባተኛ ሰው እንዲጨመር ወሰኑ። በአንድ ቃል ጋሼ ይሁኑ አሉ። ጋሼ ሳቁ።

«ድምፅ ከሰጣችሁኝ ከሰባቱ አንዱ ሆንኩ ማለት ነው» አሉ። «ያን ጊዜ ሲጨንቃችሁ ማንን ትጠይቃላችሁ?»

በእሳቸው ፈንታ እኔን መረጡኝ። አሁን ባለ ድምፅ ነኝ፤ በየስብሰባው እጄን አወጣለሁ፣ እቆጠራለሁም። አስተያየቴን የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን የለም።